የሠርጉ ቪዲዮና ሁለቱ ድራይቨሮች

በሬዲዮ ዘጋቢነት ዲላ በሠራሁባቸው ዓመታት ዘገባዬን የማዘጋጀው በአንድ ፎቶና ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነበር። ቤቱ ከመናኸሪያው ትንሽ ከፍ ብሎ አስፋልቱ ዳር ነው፤ በአንድ ጎኑ ሻይ ቤት፣ በሌላው ጫማ ሱቅ ነበረው። ድምፅ የምቆርጥበት ኮምፒዩተር ስላልነበረኝ፣ የቤቱ ባለቤት የሆነችው ሴት ከሥራዋ ጊዜ ሲተርፋት በእሷ ኮምፒዩተር ላይ ታስቀምጠኛለች። እኔ ደግሞ የሠርግ መጥሪያዎቿንና የማስታወቂያ ጽሑፎቿን አርምላታለሁ። ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም፤ እንዲሁ ሆኖ ቀረ።

አርባ ዓመት የሞላት ሴት ነበረች። አባቷ ከመሀል አገር መጥተው ዲላ ላይ ጨርቅ የነገዱ ሰው ናቸው፤ እሷ ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ከትዳሯ ከወጣች በኋላ ሱቁን የከፈቱላት ታላቅ ወንድሟ ናቸው። እሳቸው የይርጋጨፌን ቡና ወደ አዲስ አበባ የሚያመላልሱ ሁለት የጭነት መኪኖች ነበሯቸው። መካ ደርሰው ስለተመለሱ ከተማው ሁሉ ሀጂ ይላቸዋል፤ እሷ ግን ጋሼ ነው የምትላቸው። ሱቁ ያለበት ቤት የሀጂ ነበር።

ነገሩ የሆነው ከሚሊኒየሙ በዓል ጥቂት ዓመታት በኋላ በጥር ወር ነው። ከዚያ በፊት ባለው ዓመት ግን አንድ ሠርግ ጠፍቶባታል። በዚያን ጊዜ ቫይረስ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ እየተላለፈ ከተማውን አዳርሶት ነበር። ተማሪው ከኮምፒዩተር ላብ፣ ጸሐፊው ከቢሮ፣ ሌላው ከኢንተርኔት ቤት ይዞት ይመጣል። ፎልደሩ ይጠፋና በቦታው ስሙን ብቻ የያዘ ባዶ ምልክት ይቀመጣል። የወናጎ ሰዎች የሠርጋቸውን ቪዲዮ ሊወስዱ ሲመጡ የቀረላቸው አሥራ ሁለት ፎቶ ብቻ ነበር። የሙሽራው እናት አልተቆጡም፤ ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አይተው፣ በነጠላቸው ጠቅልለው ወጡ። ባለቤቷ ስለዚያ ቀን ስታወራ ሁልጊዜ የምታነሳው ያንን አለመቆጣታቸውን ነው።

ከዚያ በኋላ ሊኑክስ የሚባለው የኮምፒዩተር ሲስተም መጣ። ያመጣው በዩኒቨርሲቲው የኮምፒዩተር ላብ የሚሠራ ቴክኒሻን ነው፤ ይርጋጨፌ አጠገብ ኢዲዶ ተወልዶ ያደገ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት ገደማ የሆነው፣ ሦስት ልጆች ያሉት ሰው። አፉን የፈታው በጌዴኦኛ ነው፣ አማርኛውን ትምህርት ቤት ነው የተማረው፤ ሲቸኩል ኮምፒዩተሩንም ካርዱንም «እሷ» ይላል። የድሮውን ሲስተም አውጥቶ ሊኑክስ ጫነላትና ቫይረሱ ከዚህ ማሽን ጋር ጉዳይ እንደሌለው ነገራት። እሷ አመነችው፤ ቢሆንም አልረካችም። አንድ አሮጌ ላፕቶፕ መግቢያው ላይ አስቀመጠችና ግድግዳው ላይ ማስታወቂያ ለጠፈች፦ ማንኛውም ፍላሽ መጀመሪያ እዚህ ይታያል፤ ፎቶ፣ ቪዲዮና ድምፅ ያልሆነ ነገር ይሰረዛል። ጽሑፉን ያረምኩት እኔ ነኝ።

ደንበኞች ነገሩን «ፍላሽ ማጠብ» አሉት። አንድ የጫማ ነጋዴ በገባ ቁጥር ፍላሹን ከላፕቶፑ ጎን ባለው ቅርጫት ውስጥ ይጥልና እጆቹን ዘርግቶ «እኔንስ አታጥቢኝም?» ይላታል። እሷ «አንተን ሳሙና አይበቃህም» ትለዋለች። ፍላሽ ሳይታጠብ ገብቶ አያውቅም፤ የእኔም፣ የሀጂም፣ የቴክኒሻኑም። ማጠቡን ለማንም አትሰጥም፣ ራሷ ናት የምትሠራው።

ሀጂ ለዚያ ጥር ከመርካቶ ጠንካራ ኮምፒዩተር ገዝተው አመጡላት። ውስጡ ራሱን የቻለ ግራፊክስ ካርድ ነበረው፤ ያገለገለ፣ ማራገቢያው የሚጮህ፣ ግን በጊዜው ዲላ ውስጥ ብዙ የማይገኝ ዓይነት። ጣጣው የጀመረው ከዚህ ካርድ ጋር ነው።

ካርድ ብቻውን ምንም አይሠራም። ሲስተሙ ካርዱን የሚያዝበት ፕሮግራም ያስፈልገዋል፤ ድራይቨር የሚሉት ያንን ነው። ይህ ካርድ ሁለት ድራይቨር ነበረው። አንደኛው ካርዱን ያመረተው ፋብሪካ የሠራው ነው፤ ፈጣን ነው፣ ውስጡ ግን ዝግ ነው፣ ከሠሪዎቹ በቀር ማንም ከፍቶ አያየውም። ሁለተኛው በየአገሩ ያሉ ሰዎች ፋብሪካው ሳያግዛቸው፣ ካርዱ ምን ሲባል ምን እንደሚያደርግ እየተከታተሉ የጻፉት ነው፤ ማንም ሊያየውና ሊያርመው ይችላል። ይህ ክፍቱ ድራይቨር ከሊኑክሱ ሲዲ ጋር አብሮ ይመጣል። ቴክኒሻኑ የጫነላት እሱን ነበር።

በክፍቱ ድራይቨር ካርዱ ሙሉ ጉልበቱን አይሰጥም። ቪዲዮ ስትቆርጥ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል ይንገዳገዳል፤ ድምፁ ይቀድምና ምስሉ ኋላ ይደርሳል። የዚያ ጥር ትልቁ ሠርግ ሊደርስ አራት ቀን ሲቀረው ሀጂ ሱቁ ገብተው ከኋላዋ ቆመው ይህንን አዩ።

ሠርጉ ተራ ሠርግ አልነበረም። የሙሽራዋ አባት የይርጋጨፌ ቡና ነጋዴ ናቸው፤ ቡናቸውን የሚጭኑላቸው ሀጂ ናቸው። ሥራውን ለእህታቸው ያመጡላትም እሳቸው። ቪዲዮው ከሠርጉ በሚቀጥለው እሑድ፣ ሁለቱ ቤተሰቦች በሚገናኙበት የቅልቅል ቀን፣ በሙሽራዋ ቤት ሊታይ ቃል ተገብቷል። ሠርጉ ዕለት ወጥ ሲሠሩና ቤት ሲጠብቁ የዋሉት፣ መኪና ውስጥ ቦታ ያጡት፣ ከገጠር መምጣት ያልቻሉት ሁሉ ሠርጉን የሚያዩት ያን ቀን ነው። በሳምንቱ ካልደረሰ ከዚያ በኋላ ማንም አይጠብቀውም።

ሀጂ ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። የወናጎን ሠርግ አነሱ፤ ዘንድሮ ለጎማና ለመለዋወጫ ዕቃ ማስቀመጫ ቤት እንደቸገራቸው አነሱ። ይህ ሠርግ እንደዚያኛው ከሆነ ሱቁን ዘግተው ቤቱን ለጎማው እንደሚያደርጉት፣ እሷም እሳቸው ዘንድ መጥታ የመኪናዎቹን ወረቀት እንድትይዝላቸው እንደሚፈልጉ ነገሯት። ክፋት አልነበረበትም። በእሳቸው ሐሳብ ሸክም ሊያወርዱላት ነበር። እሷ ግን ምንም ያልነበረበትን ጠረጴዛ ትጠርግ ጀመር።

ቴክኒሻኑ እዚያው ነበር። የሚንገዳገደው ስክሪኑ ላይ ብቻ እንደሆነ፣ ቪዲዮው ሲዲ ላይ ሲወጣ ልክ እንደሚሆን ሊያስረዳ ሞከረ። ሀጂ የሚያውቁት ያዩትን ነው።

«እኔ የፋብሪካ ዕቃ እያለ ጋራዥ ውስጥ የተቀረጸ አልገጥምም» አሉት።

«ሀጂ፣ ክረምት ላይ ዲላ መግቢያ ላይ የቆመችው መኪናዎ በምን ተነሳች?»

«በተቀረጸ። ሻሸመኔ እስክደርስ ነው ያስገጠምኩት።»

«ሻሸመኔ ሲደርሱ ቀየሩት?»

«አልቀየርኩትም» አሉ ሀጂ፣ ፈገግታቸውን ለመደበቅ ወደ በሩ እየዞሩ። «ቢሆንም የፋብሪካውን አስገባላት።»

እኔ ሥራዬ ማጣራት ስለሆነ፣ እሳቸው ከሄዱ በኋላ ነገሩን እንሞክረው አልኩ። ከአንድ የድሮ ሠርግ ሦስት ደቂቃ ቆርጣ ሲዲ ላይ አወጣችው፤ ሻይ ቤቱ ቴሌቪዥን ላይ ከፈትነው። ምስሉ አልተንገዳገደም። ደግመን ከፈትነው፤ አሁንም ደህና ነው። ቴክኒሻኑ ያለው ትክክል ነበር፦ የመጨረሻውን ቪዲዮ የሚያወጣው የኮምፒዩተሩ ዋና አንጎል እንጂ ካርዱ አይደለም፤ የድራይቨሩ ችግር እየሠራች ያለችው ሰው ዓይን ላይ ያበቃል።

ይህ ግን ችግሩን ትንሽ አያደርገውም። የሁለት ቀን ሠርግ በሚንገዳገድ ስክሪን መቁረጥ ከባድ ሥራ ነው። የት ጀምራ የት እንደምታቆም በደንብ አታይም። ስለዚህ የፋብሪካው ይግባ ያሉት ሀጂ ሙሉ በሙሉ አልተሳሳቱም። ቴክኒሻኑንም ጠየቅሁት። ፈጣን መሆኑን አልካደም። ሥጋቱ ሌላ ነበር፦ የፋብሪካው ድራይቨር ከሊኑክሱ እትም ጋር ልክ ለልክ መግጠም አለበት፤ ሲስተሙ በታደሰ ቁጥር እንደ አዲስ ሊያስፈልግ ይችላል፤ ዲላ ላይ ደግሞ በፈለጉት ሰዓት የሚያወርዱት ነገር አይደለም። «ክፍቷ ብትበላሽ እኔ አስተካክላታለሁ፤ ያቺ ብትበላሽ ማንን እጠይቃለሁ?» አለኝ። በሙያዬ ሁለት ዓይነት መረጃ ሰጪዎች አውቃለሁ። አንዱ ወረቀቱን ከፊትህ ዘርግቶ ቀስ እያለ ያስረዳሃል፤ ሌላው ከየት እንዳገኘው ሳይነግርህ ፈጥኖ ልኩን ይነግርሃል። ከሁለቱም ጋር ሠርቻለሁ፤ አንዱን ከሌላው አላስበልጥም። ያንንም ነገርኩት፤ አላስደሰተውም።

እሷ የወሰነችው ወንድሟ እንዳሉት ነው። ለምን እንደሆነ ግልጽ ነበር፤ ቤቱ የእሳቸው ነው።

ፋይሉን ዲላ ላይ ለማውረድ ሦስት ጊዜ ሞከርን። ሦስቱንም ጊዜ ኔትወርኩ መሀል ላይ ተቋረጠ፤ እንደገና ሲጀመር ከዜሮ ነው። እኔ በማግስቱ ለስብሰባ አዲስ አበባ ስለምሄድ አመጣዋለሁ አልኩ። ቴክኒሻኑ የፋይሉን ስምና ቁጥር በወረቀት ጻፈልኝ። አዲስ አበባ አንድ ባልደረባዬ ቢሮ ውስጥ አወረድኩትና ፍላሼ ላይ፣ ከቃለ መጠይቆቼ ጎን አስቀመጥኩት። እሑድ ሠርጉ ሆነ፤ ቴክኒሻኑ በስልክ ሁሉም ነገር እንደተቀረጸ ነገረኝ። ማክሰኞ በጠዋቱ አውቶቡስ ተነስቼ አሥር ሰዓት ላይ ዲላ ገባሁ።

በቀጥታ ወደ ሱቁ ሄድኩ። ሱቁ ለፓስፖርት ፎቶ በተሰለፉ ሰዎች ተሞልቶ ነበር። እሷ ከመብራቱ ስር ሆና የአንድ ሰው አንገት ቀና ታደርጋለች። ፍላሹን እንደ ደንቡ ቅርጫቱ ውስጥ ጣልኩና ፊቴን ለመታጠብ ሻይ ቤት ገባሁ። ምን እንዳለበት አልነገርኳትም። እንደምታውቅ ቆጠርኩ። ሰው ያውቃል ብሎ መቁጠር ለጀማሪ ሪፖርተሮች ሁልጊዜ የምገሥጽበት ስሕተት ነው።

ቴክኒሻኑ ከሥራው ሲወጣ አሥራ አንድ ተኩል ላይ መጣ። ምሳ ሰዓት ላይ ገብቶ ክፍቱን ድራይቨር አጥፍቶት ነበር። ሁለቱ ባንድ ላይ አይሠሩም፤ የፋብሪካው ሊገባ ክፍቱ መውጣት አለበት፤ ጊዜ ለመቆጠብ አስቀድሞ ጨረሰው። ስክሪኑ ላይ ከጽሑፍ በቀር ምንም አልነበረም። ፍላሹን ሰካ። ቃለ መጠይቆቼ ሁሉም አሉ። ሌላ የለም።

ደግሞ ነቅሎ ሰካው። ወደ እኔ ዞረ። እኔ ወደ ቅርጫቱ አየሁ፣ ከዚያ ወደ ግድግዳው ማስታወቂያ።

«አጥበሽዋል?» አልኳት።

«አዎ፣ አሁን። አንድ የማላውቀው ነገር ነበረበት፤ ስሙ ረጅም፣ በቁጥር የተሞላ።» ይህን ስትል ገና ፈገግ ብላ ነበር። «እሱን ነው መጀመሪያ ያጠፋሁት።»

ቴክኒሻኑ ፍላሹን ነቅሎ ከፊቷ አስቀመጠው። ፊቷ ላይ ነገሩ ሲገባት አየሁ። ወንበር ስባ ተቀመጠች። ወረፋ ላይ የነበረ አንድ ተማሪ የእኔ ፎቶ ደርሷል ወይ ብሎ ጠየቀ፤ ተነስታ ፎቶውን ሰጠችውና ተመልሳ ተቀመጠች።

ቴክኒሻኑ ተስፋ አልቆረጠም። የተሰረዘ ፋይል ወዲያው ከፍላሹ ላይ እንደማይጠፋ ያውቃል፤ በራሱ ላፕቶፕ ፈልጎ አወጣው። ፋይሉን ሊያስጀምረው ሲሞክር ግን ድራይቨሩ መጀመሪያ ራሱን ይመረምራል፤ አንድ ቁራጭ እንደጎደለው አወቀና አልገባም አለ። መሀሉ ላይ ምን እንደጎደለ ሊያይ ቢፈልግም ዝግ ነው። እውነቱን ለመናገር ራሱን መመርመሩ ጥሩ አሠራር ነው፤ ጎዶሎ ሆኖ ቢገባ የባሰ ይሆን ነበር። በዚያ ሰዓት ግን ይህን የሚያደንቅ አልነበረም።

ሁለት መንገድ ቀረ። አንደኛው፣ አዲስ አበባ ያለው ባልደረባዬ እንደገና አውርዶ ለአውቶቡስ ሰው እንዲሰጥልን ነው፤ ቶሎ ከተባለ ሐሙስ፣ ካልሆነ ዓርብ ይደርሳል። ደርሶም ገና ይገጥም እንደሆነ የሚታወቅ ነገር የለም። ሁለተኛው፣ ክፍቱን ድራይቨር መልሶ በሚንገዳገደው ስክሪን መሥራት ነው። እሱ ሊኑክሱ ሲዲ ላይ አለ። ቴክኒሻኑ ለእሱ አሥር ደቂቃ ይበቃኛል አለ። ከመጀመሪያውም እንዲህ ብዬ ነበር የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም፤ ለዚህ እስከ ዛሬ አከብረዋለሁ።

እሷ ወደ እኔ ዞራ «አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለችኝ።

ምክር መስጠት አልወድም። ያጣራነውን ብቻ ነገርኳት፦ በክፍቱ የወጣውን ሲዲ ሁለት ጊዜ በቴሌቪዥን አይተነዋል፤ ደህና ነው። በፋብሪካው የወጣ ነገር ግን እስካሁን አላየንም።

ወደ ቴክኒሻኑ ዞራ «የነበረውን መልስልኝ» አለችው።

ከዚያ ስልኳን አነሳች። እዚያው ከፊታችን ነው የደወለችው፤ ወደ ጓዳ አልገባችም።

«ጋሼ፣ ያ ከአዲስ አበባ የመጣውን ነገር አጥፍቼዋለሁ።» አዳመጠች። «እኔ። በእጄ። ቫይረስ መስሎኝ።» ረጅም ጊዜ አዳመጠች። «በነበረው እሠራዋለሁ። ቅዳሜ ይምጡና በቴሌቪዥን ይዩት። እስከዚያ ግን ሱቁ እንዳይመጡብኝ፤ ስክሪኑን አይተው እንዲፈርዱ አልፈልግም።» ስልኩን ዘጋች። ምን አሉሽ ብለን አልጠየቅናትም፤ እሷም አልነገረችንም።

በሦስት ቀን ውስጥ የተሠራው ሥራ እንዲህ ነው። ቃለ መጠይቅ ስቀዳ የትኛው ንግግር በስንተኛው ደቂቃ እንዳለ ደብተሬ ላይ የመጻፍ ልማድ አለኝ። ያንኑ ለሠርጉ አደረግሁት። የካሜራውን ካሴቶች በራሱ በካሜራው ትንሽ ስክሪን ላይ፣ ምስሉ በማይንገዳገድበት፣ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አየሁና እያንዳንዱ ነገር የሚጀምርበትንና የሚያልቅበትን ደቂቃና ሰከንድ ጻፍኩ። እሷ ኮምፒዩተሩ ላይ ተቀምጣ በቁጥር ትቆርጣለች። ሙሽራው ከመኪና የሚወርደው የት ላይ ነው ትለኛለች፤ እነግራታለሁ፤ እዚያ ሄዳ ታቆማለች። የቆመ ምስል ደግሞ አይንገዳገድም። ጭብጨባውን በጆሮዋ ትይዘዋለች። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ስክሪኑን ማየት ትታ፣ ዓይኗን ጨፍና ከበሮውን እየሰማች ጣቷን ቁልፉ ላይ ስታደርግ አየኋት።

አንድ ቦታ ላይ ቁጥሩም ጆሮዋም አልረዷትም። ከኢዲዶ የመጡ አንድ ሽማግሌ በጌዴኦኛ ይመርቃሉ፤ እሷ ቋንቋውን ገበያ ላይ የሚበቃትን ያህል ነው የምታውቀው። ሽማግሌው ትንፋሽ ሲወስዱ ያለቀ መስሏት ልትቆርጥ ነበር። ሐሙስ ከሥራ በኋላ ቴክኒሻኑ ሲመጣ አሰማችው። አዳመጠና አንገቱን ነቀነቀ፤ ምርቃቱ ገና ግማሽ ላይ ነው፣ ለልጆች የሚመረቀው ቀርቷል። «እዚህ ከቆረጥሽ ልጅ አትውለዱ እንዳልሽ ነው የሚቆጥሩት» አላት። ሙሉውን ተወችው። አራት ደቂቃ ይሆናል። ሐሙስ ጠዋት መብራት ጠፍቶ ጊዜ ባክኖባት ነበር፤ ቢሆንም አላሳጠረችውም።

ዓርብ ጠዋት ቪዲዮውን ወደ መጨረሻው መልክ ማውጣት ጀመረች። ይህ የኮምፒዩተሩ ሥራ ነው፤ ሰው መጠበቅ ብቻ ነው የሚችለው። መብራቱ እንዳይሄድ እየፈራን ቁጥሩ ከመቶ ስንት እንደደረሰ በየጊዜው እናያለን። የጫማ ነጋዴው ከበሩ ብቅ ብሎ «አሁንም አልወለደችም?» እያለ ይመለሳል። አሥር ሰዓት ላይ አለቀ። መብራቱ አልሄደም።

ቅዳሜ ከቀትር ጸሎት በኋላ ሀጂ ቤት ሄድን፤ እሷ፣ ቴክኒሻኑና እኔ። ሀጂ ሲዲውን ራሳቸው ነው የከተቱት። ሁለት ሰዓት የሚጠጋ ቪዲዮ ነው፤ ጀርባቸውን ሳያስደግፉ አዩት። እሷ ከቴሌቪዥኑ ይልቅ የእሳቸውን ፊት ነበር የምታየው። መሀል ላይ ሙሽራው ወደ ሙሽራዋ ቤት ሲገባ ምስሉ ድንገት ዘለለ። ሀጂ ሪሞቱን አነሱና አቆሙት።

«ይሄውላችሁ» አሉ።

እሷ ደነገጠች። ቴክኒሻኑ ግን መለሰና ቀስ ብሎ አስኬደው። «ይሄ ድራይቨር አይደለም ሀጂ። ካሜራ የያዘውን ሰውዬ ድንጋይ አደናቅፎት ነው። ቀጥሎ ሲሳደብ ይሰማል።»

አስኬዱት። ተሰማ። ሀጂ ሳቃቸው አመለጣቸው፤ ባለቤታቸውም ከጓዳ ሆነው ምን ሆናችሁ አሉ። «ስድቡን አውጪው» አሏት ለእህታቸው። አሁን ጊዜ እንደሌለ፣ ሥራው እንዳለቀ ነገረቻቸው። «እንግዲያው ስድቡ ሲደርስ እኔ እስላለሁ» አሉና ወደ ማየታቸው ተመለሱ። ስለ ሱቁ ግን አንድም ነገር አልተናገሩም፤ እሷም አልጠየቀችም። ስንወጣ ቴክኒሻኑ ይሄ ጥሩ ነው መጥፎ ብሎ በሹክሹክታ ጠየቀኝ። አላውቅም አልኩት፤ አላወቅሁም ነበርና።

እሑድ ይርጋጨፌ ወረድን። ሙሽራዋ ቤት ግቢው ውስጥ ድንኳን ተተክሏል፤ ከድንኳኑ ማዶ ቡና በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቷል። ቴሌቪዥኑ ሳሎን ውስጥ፣ ድምፁ ግቢ ድረስ እንዲሰማ ተደርጎ ተቀምጧል። ሠርጉ ዕለት ወጥ ሲሠሩ የዋሉት ሴቶች ፊት ተቀምጠው፣ ማን ምን እንደለበሰ እየተጠቋቆሙ፣ የሙሽራውን ሚዜዎች አንድ በአንድ እየተቹ ያያሉ። ስድቡ ሲደርስ ሀጂ ከኋላ በኩል በኃይል ሳሉ። የሽማግሌው ምርቃት ሲመጣ ሴቶቹ መጠቋቆማቸውን ተዉ። ሽማግሌው ራሳቸው እዚያ ነበሩ፤ ራሳቸውን ሲያዩ ትንሽ አፈሩ። በቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ሰው አሜን ሲል ሳሎን ውስጥ ያሉትም አሜን አሉ፤ ግቢ ውስጥ የማያዩት፣ የሚሰሙት ብቻ፣ እነሱም አሉ። ምርቃቱ ሳይቋረጥ እስከ ልጆቹ ደረሰ፣ ከልጆቹም አለፈ። እሷ በሩ ጥግ ቆማ ነበር። ቴክኒሻኑ ከሩቅ አይቷት አንገቱን ዝቅ አደረገላት።

ከሰዓት በኋላ ለመሄድ ስንነሳ ሀጂ ከግቢው በር ላይ ጠበቋት። ከሙሽራዋ አባት ጋር ሲነጋገሩ ቆይተው ነበር። እኔ ሁለት እርምጃ ወደኋላ ቀረሁ፤ ቢሆንም ሰማሁ።

«ያ የፋብሪካው ነገር ቀረ ማለት ነው?» አሏት።

«አይቀርም ጋሼ። ስክሪኑ እኮ እውነትም ዓይኔን አጥፍቶብኛል። አስመጣዋለሁ፤ ግን ሠርግ በሌለበት ወር ነው የማስገባው፣ የዚህኛውም ሲዲ ከጎኔ ተቀምጦ።»

ሀጂ የመኪናቸውን ቁልፍ እያገላበጡ አሰቡ። «ለጎማው ሌላ ቦታ አየሁለት» አሉ። «ሱቁ ያንቺ ነው። መቼ እንደምታስገቢው አንቺ ታውቂያለሽ።»

እሷ እሺ ጋሼ ብቻ አለች። ወደ ሚኒባሱ ስንሄድ ከእኛ ቀድማ ትራመድ ነበር።

የፋብሪካው ድራይቨር በዐቢይ ጾም ገባ። እኔው አመጣሁት፤ በዚህኛው ጊዜ ፍላሹን ቅርጫት ውስጥ ሳልጥል በእጇ ሰጠኋት፣ ምን እንዳለበትም ነገርኳት። እሷም አዳመጠችኝና፣ ላፕቶፑ ላይ ሰክታ አየችው፤ ያንን አንድ ፋይል ብቻ ትታ ሌላውን አጠበችው። ሲገባ ስክሪኑ ላይ ያለው ምስል መንገዳገዱን አቆመ። በእርግጥም ፈጣን ነበር።